ክብደት ለመቀነስ ቀና አስተሳሰብን እንዴት እንጠቀምበት? ደረጃ በደረጃ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንተማመን፤ ሐሳብ ስብ አያቃጥልም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ጉልበት ይዟል። ይህን ለማውጣት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሰውነት ከሚያስገባው የበለጠ ማውጣት አለበት። "ቀጭን ነኝ ብለህ አስብ፣ ትቀጥናለህ" የሚሉ ሰዎች ይህን ሒሳብ ይዘሉታል።

ቀና አስተሳሰብ ሥራ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሁለት ሳምንት በደንብ ይዘው ቆይተው በአሥራ አምስተኛው ቀን ሳይታወቅዎ ግማሽ ኬክ በሉ እንበል። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ዕቅድዎ ይመለሳሉ ወይስ "ድሮም እኔ!" ብለው ይተዉታል? ኬኩ ሰውነትዎ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። "ድሮም እኔ" የሚለው ቃል ግን ወራት ያስከፍላል።

ቀና አስተሳሰብ የሚባለውም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ጋብሪኤለ ኦቲንገን እና ቶማስ ዋደን የተባሉ ተመራማሪዎች ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ 25 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው ነበር። "ይሳካልኛል" ብለው የጠበቁት ሴቶች ካልጠበቁት በአማካይ 12 ኪሎ ያህል አብልጠው ቀነሱ። ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚገርመው ሁለተኛው ውጤት ነው፤ ራሳቸውን ቀጥነውና አምረው፣ ፈተናውን ሁሉ ያለ ችግር ሲያልፉ በሐሳባቸው አሳምረው የሳሉት ሴቶች ከሌሎቹ 11 ኪሎ ያህል ያነሰ ነው የቀነሱት። እምነቱ ሲረዳ የቀን ሕልሙ ጎዳ። ኦቲንገን ምክንያቱን ስታስረዳ፣ አእምሮ የተመኘውን አስቀድሞ ስለቀመሰው ሰውነት ለሥራው የሚነሳበት ጉልበት ይቀንሳል ትላለች።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተዘጋጁት ሕልሙን ወደ እምነት፣ እምነቱንም ወደ ሥራ ለማውረድ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልግዎ ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ሞባይል ላይ መጻፍም ይቻላል። እኔ ወረቀቱን እመርጣለሁ፤ ሞባይሌን ለማስታወሻ ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሌላ ነገር ሳይ ራሴን አገኘዋለሁ።

ሐኪም ቀድመው ማነጋገር ያለባቸው ሰዎች አሉ። ኢንሱሊን ወይም ሌላ የደም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግቡን ሲቀንስ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ስለሚችል የመድኃኒቱ መጠን መታየት አለበት። የደም ግፊት መድኃኒትም ክብደት ሲቀንስ ማስተካከያ ሊፈልግ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም ከዚህ ቀደም ራሱን በማስራብ ወይም በልቶ በማስመለስ የተቸገረ ሰው ይህን ብቻውን አይጀምር። ውፍረት ሁሉ ከመብላት ብቻ የመጣ እንዳልሆነም ይታወቅ። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የስቴሮይድ መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ። እንዲህ ያለ ምክንያት ያለበትን ሰው "በቀና አስብ" ብሎ ማለፍ ግፍ ነው።

ደረጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት ዝም ብለው ያዳምጡ

በመጀመሪያው ሳምንት አመጋገብዎን አይቀይሩ። ሥራዎ አንድ ብቻ ነው፤ ስለ ሰውነትዎና ስለ ምግብ ለራስዎ የሚናገሩትን ቃል በቃል መጻፍ። መጀመሪያ የሆነውን፣ ቀጥሎ በልብዎ ያሉትን። ለምሳሌ፦

"መስታወት ፊት ቆምኩ፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ!"
"ደረጃ ስወጣ አለከለክኩ፤ አልቆልኛል።"
"ከራት በኋላ ብስኩት በላሁ፤ እኔ መቼም ራሴን መግዛት አልችልም።"

አያርሙት፣ አያሳምሩት። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ የሚያጣላ ስድብ ቢሆንም እንዳለ ይስፈር።

ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን ከፍተው ከሦስት ቃላት ሥር ያስምሩ፦ "ሁሌ"፣ "መቼም" እና "ምንም"። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሴሊግማን ቶሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው የሚታወቀው ክፉ ነገር ሲገጥመው ምክንያቱን በሚያስረዳበት መንገድ ነው ይላል። ችግሩን ዘላለማዊ ያደርገዋል፤ "ሁሌም እንዲህ ነኝ" ይላል። ወደ ሕይወቱ ሁሉ ያዛምተዋል፤ "ምንም አይሆንልኝም።" ከጠባዩም ጋር ያጣብቀዋል፤ "ሰነፍ ነኝ።" ተስፋ የማይቆርጠው ሰው ያንኑ ብስኩት የበላበትን ማታ ሲያስረዳ "ምሳ ዘልዬ ስለነበር ማታ ከበደኝ" ይላል። የዚህኛው አባባል ጥቅሙ ማጽናናቱ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ለነገ የሚሠራ ሥራ ይሰጣል። ምሳ አለመዝለል ይቻላል። "ሰነፍ ነኝ" ከሚለው ግን ምንም የሚሠራ ነገር አይወጣም።

"ራሴን ካልሰደብኩ አልንቀሳቀስም" የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት በክብደታቸው ምክንያት መገለል የደረሰባቸው ሰዎች ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ከዓመታት በኋላ ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ያ የሌሎች ሰዎች ስድብ ነው። የራስ ስድብ ደግሞ ቀን ከሌት አብሮ ስለሚኖር ከዚያ ይሻላል ብዬ አላምንም።

ደረጃ 2፦ የሚያምኑትን ዐረፍተ ነገር ይፈልጉ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። "ቆንጆ ነኝ፣ ጠንካራ ነኝ፣ ቀጭን ነኝ" የሚል ወረቀት መስታወት ላይ ይለጥፋል። እኔም ለጥፌ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወረቀቱን ሳነብ ውስጤ "ውሸታም!" አለኝ፤ ነቅዬ ጣልኩት።

በኋላ እንዳወቅሁት ይህ የእኔ ጉድ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ዉድ ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ስለ ራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች "የምወደድ ሰው ነኝ" የሚል ዐረፍተ ነገር ሲደጋግሙ ስሜታቸው የባሰ ሆኗል። የረዳው መጀመሪያውኑ ስለ ራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸውን ነው፤ እነሱንም በጥቂቱ። መድኃኒቱ የሚሠራው ለጤነኛው ብቻ ከሆነ ምን ይባላል?

ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ከማመን አቅምዎ አይራቅ። የደብተሩን ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ይያዙና "ፍርድ ቤት ብቀርብ ምዬ የምናገረው የትኛውን ነው?" ብለው ይጠይቁ።

"መቼም ራሴን መግዛት አልችልም" የሚለው "ቀን ቀን ደህና ነኝ፤ የሚያስቸግረኝ ከራት በኋላ ያለው ጊዜ ነው" ይሆናል።

"አልቆልኛል" የሚለው "ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አረፍ አልኩ፤ በሚቀጥለው ወር የት ላይ እንደማርፍ አያለሁ" ይሆናል።

"ስፖርት ለእኔ አይሆንም" የሚለው "መሮጥ አልወድም፤ መራመድ ግን እችላለሁ" ይሆናል።

አዲሶቹ ዐረፍተ ነገሮች ያን ያህል የሚያስደስቱ እንዳልሆኑ ልብ ይበሉ። እውነት ናቸው፤ በር ደግሞ አልዘጉም። ቀና አስተሳሰብ ስል ይህን ማለቴ ነው።

አንድ ትንሽ ብልሃት ልጨምር። ስሜትዎ ሲናወጥ ራስዎን በስምዎ ጠርተው እንደ ሌላ ሰው ያነጋግሩት፦ "አንተ እገሌ፣ አሁን ርቦሃል ወይስ ተናደሃል?" በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ሥራ "እኔ" እያሉ ከራሳቸው ጋር ከሚነጋገሩት ይልቅ በስማቸው ወይም "አንተ" እያሉ የሚነጋገሩት በጭንቀት ጊዜ ራሳቸውን የተሻለ አረጋግተዋል። ሰው ለወዳጁ የሚሰጠው ምክር ለራሱ ከሚሰጠው ይሻላልና። በልብዎ ቢሆን ይመረጣል፤ መንገድ ላይ ጮክ ካሉ ሌላ ነገር ይጠረጠራል።

ደረጃ 3፦ ግቡን ወደ ሰው ልክ ያውርዱ

ጃኔት ፖሊቪ እና ፒተር ኸርማን የተባሉት የካናዳ ተመራማሪዎች "የሐሰት ተስፋ" ያሉት ነገር አለ። ሰው ብዙ፣ ቶሎና በቀላሉ እቀንሳለሁ ብሎ ይነሳል፤ ያ ሳይሆን ሲቀር ጥፋቱ የግቡ መሆኑ አይታየውም፤ ራሱን ይወቅስና ይተዋል። ከወራት በኋላ ያንኑ ግብ ይዞ እንደገና ይነሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

ተገቢው ግብ የመጀመሪያ ክብደትዎን ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ነው። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ4.5 እስከ 9 ኪሎ ማለት ነው። ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ ለደም ግፊት፣ ለደም ስኳርና ለደም ቅባት ግን ብዙ ነው። በአሜሪካ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣው ትልቅ የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት ለተሳታፊዎቹ የሰጠው ግብ ክብደትን 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በዚህ መንገድ የሄዱት ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ፍጥነቱም በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ቢሆን ይበቃል።

የኪሎውን ቁጥር በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፈው ይዝጉበት። የየቀኑ ግብ ቁጥር አይሁን፤ በእጅዎ ያለ ሥራ ይሁን፦ "ከምሳ በኋላ 20 ደቂቃ እራመዳለሁ"፣ "ለስላሳ መጠጥን በውሃ እተካለሁ"። ሁለት ይበቃሉ። ሚዛኑ እሺ ይበል እምቢ፣ መራመድዎን ማታ ምልክት ማድረግ ይችላሉ። "እችላለሁ" የሚለው እምነት የሚሠራው ከእነዚህ ምልክቶች ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለዚህ እምነት ሲጽፍ ከምንጮቹ ሁሉ ጠንካራው ሰው ራሱ ሠርቶ ያየው ስኬት ነው ብሏል፤ የሌላ ሰው ማበረታቻ ከዚያ በታች ነው።

ደረጃ 4፦ ያልሙ፣ እንቅፋቱን ይለዩ፣ ዕቅድ ይሥሩ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ መያዝ ካለብዎ ይህን ይያዙ። ያ የ1991 ጥናት ኦቲንገንን የቀን ሕልምን ከነጭራሹ አላስጠላትም። ሕልሙን ከእውነቱ ጋር ፊት ለፊት ማገናኘት የሚል ዘዴ አወጣች። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ጸጥ ያለ ቦታና ደብተሩ ይበቃሉ።

በመጀመሪያ ለሚመጡት አራት ሳምንታት የሚመኙትን አንድ ነገር ይጻፉ። የሚከብድ፣ ግን የሚቻል። "ከራት በኋላ ሳልበላ መተኛት" ይሁን እንበል።

ቀጥሎ ይህ ቢሳካ ከሁሉ የሚያስደስትዎ ምንድን ነው? ዓይንዎን ጨፍነው አንድ ሁለት ደቂቃ ይኑሩበት። ጠዋት ሆድዎ ቀልሎ ሲነሱ ይታይዎ። ማለም የሚፈቀደው እዚህ ላይ ነው፤ ሳይሰስቱ ያልሙ።

አሁን ዓይንዎን ይክፈቱ። ይህን እንዳያደርጉ የሚይዝዎ፣ በውስጥዎ ያለው ነገር ምንድን ነው? ጥያቄው ስለ ውስጥ መሆኑን ልብ ይበሉ። "ቤት ውስጥ ብስኩት አለ" የሚለው የመጀመሪያው መልስ ነው፤ ያልፉት። ለምን ወደ ብስኩቱ ይሄዳሉ? ደክሞዎት ነው? ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል "ይህ የእኔ ጊዜ ነው" የሚል ስሜት መጥቶ ነው? ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ረሃብ እንዳልሆነ ያገኙታል። አንዲት የማውቃት ሴት ደብተሯ ላይ "ቀኑን ሙሉ የሰው ሥራ ስሠራ ውዬ ለራሴ ያደረግሁት ነገር ብስኩቱ ብቻ ነው" ብላ ጻፈች። ያንን እንቅፋት የትኛውም የምግብ ዝርዝር ወረቀት አይነግራትም ነበር።

እንቅፋቱንም እንደ ሕልሙ በዓይነ ልቦናዎ ይዩት። ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ እጅዎ ወደ ቁም ሳጥኑ ሲሄድ።

በመጨረሻ በዚህ አቀማመጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፦ "ይህ ከሆነ፣ ያንን አደርጋለሁ።" ያቺው ሴት የጻፈችው "ልጆቹ ተኝተው 'አሁን የእኔ ጊዜ ነው' የሚል ስሜት ሲመጣብኝ፣ ሻይ አፍልቼ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ" የሚል ነበር። ስሜቱን አልከለከለችውም፤ ሌላ የሚሄድበት ቦታ ሰጠችው።

የ"ከሆነ" ዕቅድን በሰፊው ያጠናው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ነው። የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ውሳኔው ሰው ሳይደክም፣ በረጋ ሰዓት ተወስኖ ይቀመጣል። ጊዜው ሲደርስ ሁኔታው ራሱ ያስታውሳል እንጂ እንደ አዲስ መሟገት አያስፈልግም። ስለዚህ "ከሆነ" የሚለው ክፍል ቁልጭ ያለ ይሁን። "ሲያምረኝ እጠነቀቃለሁ" ዕቅድ አይባልም፤ መቼ? ምን ሲታይ? ምን ይደረጋል? ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የሚደረግ ነገር ይሁን፤ "አልበላም" ብሎ መጨረስ እጅን ባዶ ይተዋል።

በአንድ ጊዜ ከአንድ ሁለት ዕቅድ በላይ አይያዙ። አሥር ጽፎ አንዱንም የማያስታውስ ሰው አይቻለሁ፤ ራሴን።

ደረጃ 5፦ ከአምሮት ጋር አይታገሉ

ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ዝነኛ ሙከራ ሰዎችን "ስለ ነጭ ድብ አታስቡ" አላቸው። ድቡ ከሐሳባቸው አልወጣ አለ፤ በኋላ ማሰብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ መጀመሪያውኑ ካልተከለከሉት ይልቅ አብልጠው አሰቡት። ነጩን ድብ በቸኮሌት ይተኩት።

አምሮት ሲመጣ ስሙን ጠርተው ይቀበሉት፦ "ይኸው አምሮት መጣ።" ከዚያ የት እንደሚሰማዎ ይመልከቱ። ምራቅ ነው? ደረት ላይ ነው? እጅ ላይ? ከሱስ ጋር በተያያዘ ሥራው የሚታወቀው አላን ማርላት ይህን ማዕበልን ከመጋለብ ጋር አመሳስሎታል፤ ማዕበል ይነሳል፣ ይከመራል፣ ይሰበራል። ከፊቱ ቆሞ መግፋት አይቻልም፤ ላዩ ላይ ሆኖ ማሳለፍ ግን ይቻላል። ሰዓት ይመልከቱና አሥር ደቂቃ ይስጡት። ካለፈ አለፈ። ካላለፈና በእርግጥ ርቦዎት ከሆነ ይብሉ፤ ረሃብ ጠላት አይደለም።

ሲበሉ ደግሞ ቁጭ ብለው፣ ሳህን ላይ አድርገው፣ እያጣጣሙ ይብሉ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። አሊያ ክረም እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት 46 ሰዎች አንድ ዓይነት የ380 ኪሎ ካሎሪ የወተት መጠጥ በሁለት የተለያዩ ቀናት ጠጡ። በአንዱ ቀን "620 ካሎሪ ያለው፣ የቅንጦት መጠጥ" ተባሉ፤ በሌላው "140 ካሎሪ፣ ለጤና የሚጠነቀቅ ሰው መጠጥ" ተባሉ። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ጠገብ ያለ ነገር ጠጣሁ ባሉበት ቀን አብልጦ ወረደ። መጠጡ አንድ ነው፤ የተለየው ሐሳቡ ነው። "ወይኔ፣ ዛሬም ቅጠል ልበላ ነው" እያሉ የሚበሉት ምሳ እና "የሚያጠግብ ምሳ ቀረበልኝ" ብለው የሚበሉት ምሳ ለሰውነትዎ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከምግቡ ላይ የተቀነሰውን አይቁጠሩ፤ ያለውን ይቁጠሩ።

ደረጃ 6፦ ለተሰናከሉበት ዕለት አስቀድመው ይዘጋጁ

ይሰናከላሉ። ይህን መጻፌ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ቀኑ ሲመጣ እንዳይደናገጡ ነው።

ከላይ የጠቀስኳቸው ፖሊቪ እና ኸርማን ራሳቸውን ከምግብ የሚከለክሉ ሰዎች ላይ አንድ ጠባይ አይተዋል። ገደባቸውን በትንሹ ሲያልፉ ከማቆም ይልቅ አብልጠው ይበላሉ፤ "አንዴ ተበላሽቷል፣ ከእንግዲህ ምን ቀረ" በማለት። አንድ ቁራጭ ኬክ በልቶ ሰሐኑን ሁሉ የመጨረስ ነገር ነው። በሒሳብ እንየው። ዕለቱን ከዕቅድዎ 1,000 ኪሎ ካሎሪ አሳልፈው በሉ እንበል። ሙሉ በሙሉ ወደ ስብ ቢቀየር እንኳ 130 ግራም ገደማ ነው። 130 ግራም የወራት ድካም አያፈርስም። የሚያፈርሰው "ምን ቀረ" የሚለው ሐሳብ የሚያመጣቸው ቀጣዮቹ አሥር ቀናት ናቸው።

ክሌር አዳምስ እና ማርክ ሊሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሴት ተማሪዎች መጀመሪያ ዶናት እንዲበሉ ተደረገ፤ ከዚያ ለከፊሎቹ "በራሳችሁ ላይ አትጨክኑ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ይበላል" የሚል ቃል ተነገራቸው። ቀጥሎ ከረሜላ ሲቀርብ፣ ምግብ ላይ ራሳቸውን ከሚያጠብቁት መካከል ያ ደግ ቃል የተነገራቸው ያነሰ በሉ። ለራስ መራራት ያባልጋል የሚለው ፍርሃታችን ትክክል እንዳልሆነ የሚያሳይ ይመስለኛል።

አሁን፣ ገና ሳይሰናከሉ፣ ለዚያ ቀን የሚያነቡትን ሦስት ዐረፍተ ነገር በእጅዎ ጽፈው ደብተሩ ሽፋን ላይ ይለጥፉ። በራስዎ አነጋገር ይጻፉት እንጂ የእኔን አይገልብጡ፤ ለምሳሌ ያህል ግን፦

"እሺ፣ በላሁ፤ ዓለም አላለቀችም።"
"ከመብላቴ በፊት ምን ሆኜ ነበር?"
"የሚቀጥለው ምግቤ እንደ ሌላው ቀን ነው።"

ሦስተኛው ላይ አደራ። በማግሥቱ ቁርስ ዘሎ "ማካካስ" ወደ ሌላ ረሃብ፣ ረሃቡም ወደ ሌላ ማታ ይወስዳል። ቅጣት አያስፈልግም። የሁለተኛውን መልስ ደግሞ ወደ ደረጃ 4 ይዘውት ይመለሱ፤ አዲስ እንቅፋት ተገኝቷል፣ አዲስ የ"ከሆነ" ዕቅድ ይጻፍለታል።

ደረጃ 7፦ ሚዛኑን ማንበብ ይማሩ

የስንቱን ሰው ተስፋ የገደለው ይህ ዕቃ ነው። ማታ 84.2፣ ጠዋት 83.1፣ ከነገ ወዲያ 84.6። ሰው በሁለት ቀን ኪሎ ተኩል ስብ አይጨምርም። ሰውነት ግላይኮጅን በሚባል መልክ የሚያስቀምጠው እያንዳንዱ ግራም ስኳር 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ጨው የበዛበት ምግብም ውሃ ይይዛል። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ሴቶች ውሃ ይይዛሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ ቀነስኩ ብሎ የሚደሰት ሰው አብዛኛው ውሃ መሆኑን ካላወቀ በሦስተኛው ሳምንት ያዝናል።

በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመዘኑ፤ የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ብቻ ያወዳድሩ። በየቀኑ ማየቱ የሚረብሽዎ ከሆነ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ቁጥሩ ቀንዎን የሚወስንብዎ ከሆነ ደግሞ ሚዛኑን ለጎረቤት ያውሱት፤ ቀበቶና የሱሪ ወገብ ታማኝ ምስክሮች ናቸው።

ከወራት በኋላ ሚዛኑ የሚቆምበት ጊዜ ይመጣል። የቀለለ ሰውነት የሚያስፈልገው ጉልበት ያንሳል፤ ሆርሞኖችም ይለወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአውስትራሊያ የወጣ ጥናት ክብደት የቀነሱ ሰዎችን ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረምር የረሃብ ሆርሞኖቻቸው ገና ወደ ነበሩበት አልተመለሱም ነበር። ስለዚህ "ለምን ይርበኛል? ደካማ ነኝ ማለት ነው?" ከማለት "ሰውነቴ የለመደውን ክብደት እያስከበረ ነው" ይበሉ። ሁለተኛው እውነቱ ነው። ከዚያ በረጋ መንፈስ የምግቡን መጠን ወይም የእንቅስቃሴውን ሰዓት ትንሽ ያስተካክላሉ። እንቅልፍዎንም ይዩት፤ ያልተኛ ሰው ረሃቡ ይበረታል፣ በጎ ሐሳቡም ይርቀዋል።

ደረጃ 8፦ ለማን እንደሚነግሩ ይምረጡ

ለሁሉም አይናገሩ። አንድ ሰው ይበቃል፤ "ስንት ቀነስክ?" ብሎ የማይጠይቅ፣ "ዛሬ ተራመድክ?" ብሎ የሚጠይቅ። ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ቁጥሩ በቆመበት ሳምንት ያስመርርዎታል።

"ትንሽ ጨምር እንጂ" ለሚልዎ ጋባዥ አጭር መልስ ያዘጋጁ። "በጣም ጣፋጭ ነበር፣ ጠግቤያለሁ" ይበቃል። ስለ ዕቅድዎ ማብራራት ከጀመሩ ክርክር ይከፈታል፤ በክርክር ደግሞ ይሉኝታ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

ደረጃ 9፦ በ66ኛው ቀን ደብተሩን ይክፈቱ

ፊሊፓ ላሊ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪ ሳለች 96 ሰዎችን አጥንታ፣ አንድ አዲስ ድርጊት ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አግኝታለች። ለአንዳንዱ 18 ቀን፣ ለአንዳንዱ 254 ቀን። "ልማድ በ21 ቀን ይያዛል" የሚለውን ሰምተው በ22ኛው ቀን ካልሆነልዎ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። በዚያው ጥናት አንድ ቀን ማለፉ ልማዱን አላበላሸውም።

በ66ኛው ቀን የመጀመሪያውን ሳምንት ገጾች ያንብቡ። ከዚያ ደረጃ 1ን ለሦስት ቀን ይድገሙና አዲሱን ከአሮጌው አጠገብ ያድርጉት። "ሁሌ"፣ "መቼም" እና "ምንም" ስንት ጊዜ ታዩ? ከቀነሱ፣ ደረጃ 4ን በሌላ ምኞት እንደ አዲስ ይጀምሩ። ሐሳቡ ተስተካክሎ፣ ሥራው ተሠርቶ፣ ክብደቱ ግን ካልተነቃነቀ የደብተሩን ቅጂ ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ዛሬ የረሃብን ስሜት የሚቀንሱ መድኃኒቶችም፣ ለአንዳንዶች የቀዶ ሕክምና አማራጭም አሉ፤ እነሱን መጠየቅ ሽንፈት አይደለም። ገጾቹ ስለ ምግብ በማሰብ ብቻ የተሞሉ ከሆነ፣ ተደብቀው የሚበሉ ወይም የበሉትን ለማውጣት የሚሞክሩ ከሆነ ደግሞ ክብደት መቀነሱን ያቁሙና በዚያው ሳምንት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።